ሳይቃጠል በቅጠል፡- የበሽታዎች ሙዚየም ለጤነኛ ሰው ምን ይነግረዋል?

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የነገሥታት ዘውድና ካባ፣ የጥንት የብራና መጻሕፍት፣ ወይም በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘው ድንቅነሽ ናት። ከወዲህ ብዙ የማይታወቅ ሌላ ዓይነት ሙዚየም ደግሞ አለ። በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የሰው ልጅ በሽታዎች ሙዚየም ከእነዚህ አንዱ ነው። በመደርደሪያዎቹ ላይ የተቀመጡት እውነተኛ የሰው አካላት ናቸው። ሳንባ፣ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎል፣ ሁሉም በሽታ ከጎዳቸው በኋላ ተጠብቀው በብርሃን አስተላላፊ ዕቃ ውስጥ ይታያሉ።

ሙዚየሙን የመሠረቱት በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ዊልሄልም ናቸው። ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነበር። ዛሬ በሙዚየሙ ከ2 ሺህ በላይ ናሙናዎች ይገኛሉ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆኑ ነበር፤ አሁን ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ሆኑ ማንኛውም ሰው ገብቶ ሊጎበኛቸው ይችላል። የጉብኝቱ ዓላማ ሰው በሽታው ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቶ፣ ገና ጤነኛ ሳለ አኗኗሩን እንዲያስተካክል መርዳት ነው።

ይህን ርዕስ ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሕክምና ክፍል ውስጥ ከምሰማቸው ንግግሮች ሁሉ የሚደጋገመው አንድ ነው። ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘ አባት መድኃኒት ሲታዘዝላቸው «ዶክተር፣ እኔ እኮ ምንም አልታመምኩም። ራሴን እንኳ አያመኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይዋሹም። የዘመናችን ዋና ዋና ገዳይ በሽታዎች ለብዙ ዓመታት ሳያሙ፣ ሳይታዩና ሳይሰሙ የሚሠሩ ናቸው። ሕመም የሚመጣው ሥራቸውን ካገባደዱ በኋላ ነው። ሙዚየሙ የሚያሳየን ይህን በሕይወት ሳለን የማናየውን የዝምታ ዘመን ነው።

ናሙናዎቹ እንዴት ይጠበቃሉ?

በሽታ በተወሰነ የሰውነት ክፍል ላይ ቦታ ይዞ እንደሚሠራ ዓለም በስፋት የተረዳው በጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኚ ሥራ ነው። ሞርጋኚ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን እየመረመሩ የውስጥ አካላቸው ላይ የታየውን ለውጥ በሕይወት ሳሉ ከነበራቸው ስሜት ጋር ያገናዝቡ ነበር። ወደ 700 የሚጠጉ ምርመራዎችን የያዘውን ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1761 ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው 79 ነበር። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የታመሙ አካላትን ለማስተማሪያ ማስቀመጥ የተለመደ ሥራቸው ሆነ።

መጀመሪያ አካባቢ ናሙናዎቹ የሚቀመጡት በአልኮል ውስጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፎርማሊን ሥራ ላይ ሲውል ግን ነገሩ ተሻሻለ። ፎርማሊን የሥጋውን ፕሮቲን እርስ በርስ አስተሳስሮ ስለሚያጠነክረው ባክቴሪያ ሊያበሰብሰው አይችልም። ቀጥሎም የተፈጥሮ ቀለሙን የሚመልሱና የሚጠብቁ ፈሳሾች ተገኙ። በዚህ ዘዴ በጥንቃቄ የተያዘ አንድ ናሙና ለብዙ አሥርት ዓመታት መልኩን ሳይለውጥ ይቆያል።

በሲድኒው ሙዚየም ከናሙናው ጎን አጭር የሕመም ታሪክ ይነበባል። የሰውየው ስም አይጻፍም፤ የሚገለጸው የነበረው ስሜትና የተገኘው በሽታ ነው። ስለዚህ ጎብኚው የሚመለከተው ሥጋ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የኖረውን ሕይወት መጨረሻም ያነባል።

ሳንባ፡- ከጥቁሩ ቀለም ይልቅ ቀዳዳው

በእንዲህ ዓይነት ሙዚየሞች የጎብኚን ዓይን ቀድሞ የሚስበው የአጫሽ ሳንባ ነው። የሕፃን ሳንባ ሮዝ ቀለም አለው። ለረጅም ዓመታት ያጨሰ ሰው ሳንባ ግን ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ሰዎች የሚደነግጡት በጥቁረቱ ነው፤ ሐኪም ግን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው። በከተማ ጭስ ውስጥ የኖረ የማያጨስ ሰው ሳንባም በመጠኑ ይጠቁራል። ዋናው ጉዳት ያለው ተቆርጦ በሚታየው የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ጤነኛ ሳንባ እንደ ደቃቅ ስፖንጅ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። ጭስ የከረጢቶቹን ግድግዳ እያፈረሰ ሲሄድ ብዙዎቹ ተቀላቅለው ትልልቅ ክፍት ቦታዎች ይፈጥራሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በእነዚያ ግድግዳዎች በኩል ስለሆነ፣ ግድግዳው ሲፈርስ ሰውየው አየር እየሳበ አየር ያጥረዋል። የፈረሰው ግድግዳ ተመልሶ አይገነባም።

ይህ ማለት ግን ማቆም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1951 እ.ኤ.አ. የተጀመረና ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት የተከታተለ ታዋቂ ጥናት ነበር። ውጤቱ እንዳሳየው ማጨስን ሳያቆሙ የኖሩት ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜያቸው በአማካይ በ10 ዓመት ያጥራል። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው 3 ዓመት ገደማ፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ40 ያቆመ 9 ዓመት ያህል መልሶ ያተርፋል። በ30 ዓመቱ ያቆመ ደግሞ ሊያጣው የነበረውን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያስቀራል። ስለዚህ «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ መቀጠል የተሳሳተ ስሌት ነው።

በእኛ አገር ሳንባን የሚጎዳው ሲጋራ ብቻ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት በሕይወቷ አንድም ሲጋራ ሳትለኩስ በዚሁ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። ሳሏን «ብርድ ነው» እያለች ዓመታት ታሳልፋለች። ሺሻም ቢሆን ጭሱ በውኃ ውስጥ ስላለፈ ጸዳ ማለት አይደለም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም።

ልብና የደም ቧንቧ፡- በወጣትነት የሚጀመር ታሪክ

ቀጥሎ ያለው ልብ ነው። የአዋቂ ሰው ጤነኛ ልብ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው። ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚረጨው የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ልብ በየምቱ ከባድ ሸክም እንደሚገፋ ሠራተኛ ይሆናል። ሸክም የበዛበት ጡንቻ ደግሞ ይወፍራል። በናሙናው ላይ ግድግዳው በጣም ወፍሮ፣ ደም የሚያዝበት ክፍት ቦታ ጠቦ ይታያል። የእጅ ጡንቻ ሲፈረጥም ጥንካሬ ነው፤ ልብ እንዲህ ሲወፍር ግን የመድከሙ መጀመሪያ ነው።

በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች የደም ግፊት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። የሚያውቁበት የመጀመሪያ ቀን አንዳንዴ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝበት ቀን ይሆናል። የአንጎል ናሙና ላይ የሚታየው የደም መፍሰስ በደቂቃዎች ውስጥ የሆነ ነው፤ ያዘጋጀው ግን የብዙ ዓመት ግፊት ነው።

የደም ወሳጅ ቧንቧዎቹም ተሰንጥቀው ይታያሉ። ውስጣቸው ለስላሳ መሆን ሲገባው ቢጫ የስብ ክምችትና የደነደነ ካልሲየም ይዟል። ብዙ ሰው ይህን የሽማግሌ በሽታ አድርጎ ያስበዋል። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት ውጤት ግን የሕክምናውን ዓለም አስደንግጦ ነበር። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። ጠንካሮችና ለውጊያ ብቁ ተብለው የተመረጡ ቢሆኑም ከ100ው በ77ቱ የልብ ደም ቧንቧ ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ ተገኝቷል። በ50 ዓመት ዕድሜ ደረትን ጨምድዶ የሚይዘው ሕመም ሥራውን የጀመረው በ20ዎቹ ውስጥ ነው ማለት ነው። ልጆቻችን ዛሬ የሚበሉትና የሚጠጡት ነገር የሚያሳስበንም ለዚህ ነው።

ስኳር፡- እግርና ኩላሊት

የስኳር በሽታ መነሻው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ማነስ ወይም ሥራውን በአግባቡ አለመሥራት ነው። በሙዚየም ውስጥ ግን ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጋንግሪን ይዞት የጠቆረ የእግር ጣት፣ ተኮማትሮ ገጹ የሻከረ ኩላሊት፣ የጠበቡ የደም ቧንቧዎች ይታያሉ። ከፍ ያለ የደም ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ጫማው ሲልጠው አይሰማውም። የደም ቧንቧውም ስለጠበበ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። ትንሽ ልጣጭ ወደ ትልቅ ቁስል፣ ቁስሉ ወደ ጋንግሪን ሊሄድ ይችላል። እግሩን ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጀመረው ባልታመመ ትንሽ ቁስል ነው።

በዓለም ላይ ከ500 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከስኳር በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከሁሉም የሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው ሊዘገይ ወይም ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ለስኳር በሽታ በተቃረቡ ሰዎች ላይ በፊንላንድና በአሜሪካ የተካሄዱ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 አሳውቀዋል። በሁለቱም አመጋገባቸውን ያስተካከሉ፣ ጥቂት ኪሎ የቀነሱና በመደበኛነት የተንቀሳቀሱ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀንሷል። በአሜሪካው ጥናት የተጠየቁት ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ ወይም ያን የሚያህል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከስድስት ኪሎ አይበልጥም።

ጉበት፡- የሚታገስ ግን የማይረሳ

ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ ገጹ ለስላሳና ቡናማ ቀይ የሆነ አካል ነው። ሲሮሲስ የያዘው ጉበት ግን ይኮማተራል። ገጹም እንደ ጠጠር ንጣፍ እብጥ እብጥ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለዓመታት የቆየ አልኮል፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች፣ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣ የስብ ክምችት ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ጉበት ታጋሽ ነው። ስብ ብቻ የተከማቸበት ጉበት መጠጥ ሲቆምና ክብደት ሲቀንስ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ከያዘው በኋላ ግን መመለሱ እጅግ ይከብዳል። ሆድ ውኃ ሲቋጥርና ዓይን ቢጫ ሲሆን ወደ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች ትዕግሥቱ ያለቀበትን ጉበት ይዘው ነው የሚመጡት። ሄፓታይተስ ቢን በተመለከተ ክትባት አለ። በአገራችንም ለሕፃናት በሚሰጠው፣ አምስት በሽታዎችን በአንድነት በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ተካቷል። ልጁን በየቀጠሮው የሚያስከትብ ወላጅ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊመጣ የሚችልን የጉበት በሽታ ከወዲሁ እየተከላከለ ነው።

ከመደርደሪያው ላይ የሚቀር በሽታ

በሽታዎች ሁሉ ለዘላለም አብረውን የሚኖሩ አይደሉም። ፈንጣጣ ለዘመናት ሕዝብ ሲፈጅ የኖረ በሽታ ነበር። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ሲሆን፣ በ1980 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የተመረቁ ሐኪሞች ፈንጣጣን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል ነው። ይህ የሆነው በክትባትና ቤት ለቤት በዞሩ የጤና ሠራተኞች ድካም ነው።

የማህፀን ጫፍ ካንሰርም በተመሳሳይ መንገድ ሊቀንስ የሚችል በሽታ ነው። መንስዔው በአብዛኛው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ መከላከያ ክትባቱ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ በምርመራ ማግኘትና በቀላሉ ማከምም ይቻላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምንም ሕመም ባይኖራቸውም ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። ደም መፍሰስ እስኪጀምር መጠበቅ ግን ጊዜን አሳልፎ መስጠት ነው።

ፍርሃት ብቻውን ይበቃል ወይ?

አንዳንድ አንባቢ «ሰውን በማስፈራራት ጤና ይመጣል እንዴ?» ሊል ይችላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በጤና ትምህርት ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ፍርሃት የሚጠቅመው ሰውየው ሊያደርገው የሚችለው እርምጃ አብሮ ሲነገረው ነው። መፍትሔ ሳይነገረው ብቻውን የደነገጠ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ወይም «ከተጻፈ አይቀርም» ብሎ ይተወዋል። የሙዚየሙ ጥቅም ያለው ጎብኚው ከዕቃው ፊት ቆሞ «ይህ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ እኔ ያለሁት የት ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱንም ይዞ ሲወጣ ነው።

ወደ ሲድኒ መሄድ ለአብዛኞቻችን የማይሆን ነገር ነው። ያንኑ ሐሳብ የሚሠራ ነገር ግን በየሱቁ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኮ የፊትና የኋላ ገጽ 70 ከመቶው በሥዕል የተደገፈ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ይኸው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅም አድርጓል። አጫሹ ፓኮውን ባወጣ ቁጥር ሥዕሉን ያያል። ሥዕሉን አይቶ ጣቱን ሸፍኖበት የሚያጨስ ሰው ግን የሚረዳው አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ለማቆም የወሰነ ሰው ቀን ቆርጦ ለቤተሰቡ ቢያሳውቅና ወደ ጤና ባለሙያ ቀርቦ ምክር ቢጠይቅ ብቻውን ከሚታገል ይልቅ ይሳካለታል።

ለሰዎቹ የሚገባ ክብር

እነዚህን ስብስቦች ስናነሳ መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ናሙና አባት ወይም እናት፣ ልጅ ወይም ወንድም የነበረ ሰው ነው። በድሮ ዘመን ብዙ ስብስቦች የተሰበሰቡት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ በቁመቱ የታወቀው አየርላንዳዊ ቻርልስ በርን አስከሬኑ ባሕር ውስጥ እንዲቀበር ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1783 ሲሞት ግን ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ሀንተር አስከሬኑን እጁ አስገባ። አጽሙም በለንደን ለዘመናት ለዕይታ ቀርቦ ኖረ። በሀንተር ስም የሚጠራው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሲከፈት አጽሙ ከዕይታ ተነሥቷል። ከሰው አካል መማር ሰውን ከማክበር ጋር አብሮ መሄድ አለበት። እኛም ከእነዚህ ሰዎች የተረፈንን ትምህርት በከንቱ አለማሳለፋችን ለእነሱ የምናደርገው ክብር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ከላይ ካነሣናቸው ናሙናዎች እያንዳንዱ በቤታችን ልናደርገው የምንችለውን ነገር ያመለክታል።

አንደኛ፣ ግፊትዎን ይለኩ። አዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ መልካም ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። መድኃኒት ተጀምሮልዎት ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ የተስተካከለው መድኃኒቱን በመውሰድዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ጨው ይቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። ይህም ወጡን፣ ዳቦውን፣ በርበሬውንና ሚጥሚጣውን ሁሉ ጨምሮ አንዲት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ቡና በጨው በሚጠጣባቸው አካባቢዎች ያላችሁ ደግሞ እሱንም ቁጠሩት። ወጥ ስትሠሩ ጨውን በአንድ ጊዜ አቁሙ አልላችሁም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስትቀንሱ ምላስ ይለምደዋል።

ሦስተኛ፣ የሚጠጡትን ስኳር ይመልከቱ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። በቀን አራት ስኒ ቡና ወይም ሻይ በሁለት በሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰውም ያንኑ ያህል ይወስዳል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ ክብደት ከጨመሩ ወይም በቤተሰብዎ የስኳር በሽታ ካለ በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ይመርመሩ። ውጤቱ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። በሽታው ያለባችሁ ደግሞ ማታ ማታ እግራችሁን፣ በጣቶቻችሁ መካከል ሳይቀር፣ ተመልከቱ። በባዶ እግር አትሂዱ።

አራተኛ፣ ይራመዱ። በሳምንት 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀናት ነው። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ፣ በአሳንሰር ፈንታ ደረጃ መውጣት ይቆጠራል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነፃ ቀን ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አምስተኛ፣ ጭስን ከቤት ያስወጡ። የሚያጨስ ካለ ያቁም፤ ለጊዜው ካቃተው እንኳ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ አያጭስ። ማድ ቤት መስኮትና የጭስ መውጫ ይኑረው። የተሻሻለ ምድጃም የማገዶውንም የጭሱንም መጠን ይቀንሳል። ሕፃን አዝሎ ከምድጃ ፊት መጋገርን ይተዉ።

ስድስተኛ፣ መጠጥ። «ትንሽ አረቄ ለሆድ ጥሩ ነው» የሚለውን አባባል ሕክምና አይደግፈውም። ለጤና ተብሎ የሚጀመር የመጠጥ መጠን የለም። ጫት በምሽት በመጠጥ መስበርም ጉበትንና ልብን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መፈተን ነው።

በመጨረሻም አደገኛ ምልክቶችን ይወቁ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ወይም ደረትን የሚጨመድድ ሕመም ላብ ላብ ከማለት ጋር ከመጣ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ስትሮክና የልብ ድካም ሲመጡ የሚታደገው ፈጥኖ መድረስ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የዘመኑ በሽታዎች ደግሞ ራሳቸውን ከባለቤታቸው ይደብቃሉ። የሚያጋልጣቸው የግፊት መለኪያ፣ አንድ ጠብታ ደምና በጊዜ የተደረገ ምርመራ ነው። በሲድኒ መደርደሪያ ላይ ያሉት አካላት ይህ ዕድል ያለፋቸው ናቸው፤ የእርስዎ ግን ገና በእጅዎ ነው። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ግፊትዎን ይለኩ፤ ከቤት ሲወጡም ባለቤትዎን ወይም ጎረቤትዎን ይዘው ይሂዱ።